የተሳቢ ባነር በባሕር ዳር፦ ኅትመቱ ጥሩ ነው፣ ገጠማው ይቀረዋል

ለተሳቢው ጎን ባነር አሠርቶ የተማረረ ባለንብረት መጀመሪያ የሚወቅሰው ቀለሙን ነው። ቀለሙ ግን ጥፋተኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ከባሕር ዳር ማተሚያ ቤቶች የሚወጣው ሥራ ጥራት አለው፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ጠርዙም በሙቅ አየር ተጣብቆ ይመጣል። ባነሩን ደጀን ሳይደርስ የሚተረትረው አገጣጠሙ ነው። በከተማዋ የሚሠራበት መንገድ ሦስት ነው፦ በቀለበትና በገመድ ማሰር፣ ስቲከር መለጠፍ፣ በአሉሚኒየም ፍሬም መወጠር። ረጅም መንገድ ለሚመላለስ ተሳቢ ከሦስቱ ገንዘብ የሚገባው ፍሬሙ ነው።

በብዛት የሚታዘዘው ግን ቀለበትና ገመዱ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል። ችግሩ ሠራተኛው የሱቅ ግድግዳ ላይ የለመደውን ልክ ተሳቢ ላይ ማምጣቱ ነው። ለግድግዳ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቀለበት ይበቃል። ለሚሮጥ መኪና በየ30 ሴንቲ ሜትሩ መሆን አለበት፤ ወደ ጋቢናው በሚዞረው ጠርዝ ላይ ደግሞ ከዚያም ቢጠብብ ይሻላል። ያ የፊት ጠርዝ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ያገኘውን ነገር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 25 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ይገፋል። ባነሩ ከግድግዳው ጋር ልጥፍ ብሎ ከተወጠረ ነፋሱ በላዩ ተንሸራትቶ ያልፋል። የፊት ጠርዙ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለው ግን ነፋሱ ከኋላው ይገባና እንደ ሸራ ይነፋዋል። ከዚያ መርገብገብ ይጀምራል፣ ቀለበቱ ጨርቁን እየበላ ይሰፋል፣ አንዱ ሲገነጠል የሱ ሸክም ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ባነር ሲቀደድ ከአንድ ማዕዘን ተነሥቶ በመስመር ነው የሚሄደው።

ነፋስ ያሳልፋል እየተባለ ባነሩን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ መብሳት የተለመደ ነው። ተሳቢ ላይ ይህን አትፍቀዱ። ከጀርባው ድፍን ላሜራ ስላለ ነፋሱ የሚወጣበት የለም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ የመቀደጃ መነሻ ሆኖ ይቀራል። የሚታሰርበትንም ገመድ አስተውሉ። ገበያ ላይ ያለው አንጸባራቂ የፕላስቲክ ገመድ የባሕር ዳር ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቅና ይሰባበራል፤ ከተማዋ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐዩ ለፕላስቲክ አይራራም። ለአንድ ወር ዘመቻ፣ ከተማ ውስጥ ለሚዞር መኪና ቀለበትና ገመድ ይበቃል። ከዚያ ላለፈ ሥራ አንመክረውም።

ስቲከሩ የሚያምረው ለጥ ባለ ግድግዳ ላይ ነው፤ የማቀዝቀዣ መኪና ጎን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። እንደ ኮንቴይነር ስርጉድና ጉብታ ባለው ላሜራ ላይ ግን የስቲከሩ ዓይነት ይወስናል። ርካሹ ስቲከር ሲሠራ ተዳምጦ የተዘረጋ ስለሆነ ወደ ቀድሞ ልኩ መመለስ ይፈልጋል፤ ስርጉዱ ውስጥ በእጅ ተጭኖ ቢገባም ፀሐይ ሲያገኘው ተነሥቶ ከጉብታ ጉብታ እንደ ድልድይ ይወጠራል። ለመኪና ተብሎ የሚሠራው ስስ ስቲከር 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ ስርጉዱን ይከተላል። እሱም ቢሆን በመጨረሻ ስርጉድ ስርጉዱን ከ90 ዲግሪ በላይ በሙቅ አየር ካልተመታ አይረጋም። ይህን የመጨረሻ ሙቀት የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ላሜራው በኦሞ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአልኮል ካልተጠረገም ሙጫው የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን የናፍጣ ጥቀርሻውን ነው። አዲስ የተቀባ መኪና ከሆነ ቀለሙ ተንፍሶ እስኪጨርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠበቅ፤ አለዚያ አረፋ ያወጣል። ኅትመቱም ከማሽን በወጣ ማግስት ካልሆነ አይለጠፍ፤ የቀለሙ ማሟሟቻ ካልተነነ ሙጫውን ያላላዋል። ሌላው ቀርቶ ሰዓቱም ዋጋ አለው፦ ሐይቁ አጠገብ ማታ በመብራት የሚለጥፍ ሰው ትንኙን ከስቲከሩ ሥር አብሮ ይለጥፈዋል።

ፍሬሙ ጋ ስንደርስ ሥራው የብረት ሥራ ይሆናል። 12 ሜትር በ2.4 ሜትር የሆነ ጎን እንውሰድ። ዙሪያው 28.8 ሜትር ስለሆነ ባለ 6 ሜትር የአሉሚኒየም ፕሮፋይል (የባነሩን ጠርዝ ይዞ የሚወጥረው ዘንግ) አምስት ይበቃል፦ ለላይና ለታች አራት፣ አንዱ ተቆርጦ ለሁለቱ ጎኖች። በየ25 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሪቬት (ፕሮፋይሉን ከላሜራው ጋር አጣብቆ የሚይዝ ማያያዣ) ሲመታ ለአንድ ጎን 115 ያህል፣ ለሁለቱ 230 ያስፈልጋል፤ መበላሸቱን አስበው 250 ቢይዙ አያስቆጭም። ባነሩ በካሬ 510 ግራም የሆነው ቢሆን ክብደቱ 15 ኪሎ አይሞላም። ካሬው 440 ግራም የሆነው ስስ ባነር ለፍሬም አይመከርም፤ ውጥረቱ ጠርዙን ይስበዋል። ማሽኑ 3.2 ሜትር ጥቅል የሚያትም ከሆነ ይህ ቁመት ያለ መገጣጠሚያ ይወጣል። ማሽኑ ጠባብ ሆኖ መቀጠል ግድ ከሆነ የፊተኛው ቁራጭ በኋለኛው ላይ ይደረብ፤ ነፋሱ እንደ ሣር ክዳን በላዩ እንዲያልፍ። እዚህ ላይ የማይታይ ስሕተት አለ። የግራውና የቀኙ ጎን የፊት ጠርዛቸው ተቃራኒ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሁለቱን ባነሮች አንድ ዓይነት አድርጎ ከሠራቸው የአንደኛው መገጣጠሚያ አፉን ለነፋሱ ከፍቶ ይሄዳል። አንዱ ጎን ደኅና ሆኖ ሌላው ሲቀደድ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ሪቬቱ 4.8 በ10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፕሮፋይሉንና ላሜራውን አንድ ላይ ይይዛል፤ ትራፓኖው ላይ የሚገባው መብሻ ከ5 ሚሊ አይለፍ። ሪቬት አልቋል ብሎ ራሱን በሚበሳ ቪቴ የሚገጥም ሠራተኛ ካለ አስቁሙት። ቪቴው በንዝረት ይላላል፤ ከዚያ የከፋው ጫፉ ወደ ውስጥ መውጣቱ ነው። የስሚንቶና የእህል ጆንያ ሲጫንና ሲወርድ በዚያ ጫፍ ይቀደዳል። ሪቬቱም ጫፉ ድፍን የሆነው ይሻላል፤ ክፍት ከሆነ ክረምት ላይ ውኃ ያስገባል፣ ስሚንቶ ደግሞ እርጥበት አይችልም። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሪቬቱ ከመግባቱ በፊት ሲሊኮን ይቀባ፤ አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ላይ ሲነካኩ ይበላላሉ፣ ላሜራውም ከተበሳበት ዝገት ይጀምረዋል። ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅት ንብረት ከሆነ ግን ፍሬምም ሪቬትም አይታሰብ፤ የሰው ኮንቴይነር አይበሳም።

የላይኛው ፕሮፋይል መጀመሪያ ይገጠማል። መስመሩ የሚወጣው በውኃ ልክ አይደለም። ተሳቢው የቆመበት መሬት ዘንበል ካለ የውኃ ልኩ ቀጥ ያለው መስመር ከተሳቢው አንጻር ጠማማ ነው፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ ይታያል። ከካሶኒው (ጭነቱን ከሚይዘው የተሳቢው ሳጥን) የታች ጠርዝ በሁለቱም ጫፍ በሜትር ተለክቶ፣ ኖራ በተቀባ ክር ይመታ። በሁለቱ ባለ 6 ሜትር ፕሮፋይሎች መካከል 3 ሚሊ ክፍተት ይተው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚረዝመው የብረትን እጥፍ ያህል ስለሆነ ክፍተት ከሌለ ፕሮፋይሉ ይጎብጣል። አባይ በረሃ ይህን ይፈትናል፦ ከደጀን ብርድ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ሙቀቱ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ።

ባነሩ ከፍሬሙ ጥቂት አንሶ ይቆረጣል፤ በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ያህል። ከላይ መሐል ይጀመርና ወደ ሁለቱ ዳር ይሄዳል፣ ቀጥሎ ታቹ፣ ቀጥሎ የፊቱ፣ በመጨረሻ የኋላው። ከዳር የጀመረ ሰው ሽብሽቡን ሁሉ እየነዳ ሌላው ማዕዘን ላይ ያከማቸዋል። ጥሩው ጊዜ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ጨርቁን ትንሽ አለስልሶታል፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስም ገና አልተነሣም። በብርድ የተወጠረ ባነር ቀን ላይ ይላላል። 29 ካሬ ባነር በነፋስ ለመያዝ ሁለት ሰው አይበቃም፤ አራት ይሁን።

ጎኑ የሚከፈት ተሳቢ ከሆነ ለእያንዳንዱ ስፖንዳ (ለሚከፈተው የጎን ግድግዳ) ለየብቻው ባነር ይሠራ። ሁለቱን አቋርጦ የተዘረጋ አንድ ባነር ዕድሜው እስከ መጀመሪያው ማራገፊያ ነው፤ ሠራተኛው ስፖንዳውን ማውረድ ሲያቅተው በቢላዋ ይሰነጥቀዋል፣ ሊፈረድበትም አይችልም። ከማጠፊያውና ከመቆለፊያው ሦስት ሴንቲ ይራቅ። የጎን መብራቱ፣ አንጸባራቂው እና የመጫን አቅሙ የተጻፈበት ቦታ አይሸፈን።

ስለ ዲዛይኑ አንድ ነገር ብቻ። የአማርኛ ፊደል በሩቁ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ቡ እና ቢ፣ ሹ እና ሺ ከ50 ሜትር ላይ እግራቸው ይጠፋል። ቁመቱ ያነሰ ጽሑፍ ለሚያልፍ መኪና ለማንበብ ያስቸግራል፤ ስልክ ቁጥሩም እንደዚያው። ሥራ የሚያውቅ ዲዛይነር ኮምፒውተሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ተሳቢውን መጥቶ ይለካል።

የማተሚያ ቤቶቹ ድክመት የሚጎላው ካስረከቡ በኋላ ነው። አዲስ ባነር በመጀመሪያዎቹ ቀናት መላላቱ የጨርቁ ባሕርይ ስለሆነ ከመጀመሪያው የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ በኋላ፣ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ ማለት ነው፣ እንደገና መወጠር አለበት። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይህን የሚሠራ ቤት ብርቅ ነው፤ ሥራውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ውሉ ላይ የባነሩ ግራም፣ የሪቬቱ ርቀት፣ የድፍን ሪቬቱና የሲሊኮኑ ነገር፣ ዳግም መወጠሩም በግልጽ ይጻፍ። ከሒሳቡም የተወሰነውን ዳግም እስኪወጠር ድረስ ያዙ።