ለልጄ የገዛሁት የጆሮ መከላከያ

ኮንስትራክሽን ላይ የሚሠሩ ሰዎች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉትን ትልቁን የድምፅ መከላከያ አይታችሁት ይሆናል። ለ14 ዓመቱ ልጄ የገዛሁት እሱን ነው። ሄልሜትና ጓንት ከሚሸጥበት ሱቅ፣ በ900 ብር። ባትሪ የለው፣ ብሉቱዝ የለው። ውስጣቸው ስፖንጅ ያለባቸው ሁለት ጎድጓዳ ፕላስቲኮች ናቸው፣ በቃ።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። ቀን ከነገራችሁት ዕለቱን ይነግራችኋል። «ጥቅምት 12 ቀን 1979» ስትሉት ወዲያው «ረቡዕ» ይላል። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ መምህራን ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምረው፣ የድምሩን ሩብ ደርበው፣ ለ7 አካፍለው፣ በቀሪው መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት አግኝተው ከዚያ እየቆጠሩ የሚሠሩትን እሱ ማንም ሳያስተምረው ያገኘዋል። ሰው ጉድ ይላል፣ በስልክ ይቀርፀዋል። ቶኪዮን ከሄሊኮፕተር አይቶ 10 ሜትር ሸራ ላይ በቃሉ የሳለውን እንግሊዛዊ፣ የስቴፈን ዊልትሻየርን ቪዲዮ ልከውልኝ «ያንቺም እንደሱ ነው» የሚሉኝ አሉ። ደስ ይለኛል። ግን ይህ ሁሉ ችሎታ ታክሲ አያሳፍረውም። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል፣ ክላክሱ ሲደራረብ፣ ልጄን ያመዋል። ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል። ታዲያ በምን እጁ በሩን ይያዝ? ቦርሳውንስ?

መከላከያው እጁን ነፃ አወጣለት። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ድምፁን ጨርሶ አያጠፋም፣ ያለዝበዋል እንጂ። ስጠራው ይሰማኛል። ባለፈው አጠገቡ የተቀመጡትን እናት ራሱ ዞሮ «መቼ ተወለዱ?» አላቸው። ድሮ ሰው ሲጠይቀው ብቻ ነበር የሚመልሰው።

እንከን አለው። አዲስ እያለ ጭንቅላት ይጨምቃል፤ ልጄን አናቱ ላይ አቅልቶት ነበር። ፀሐይ ላይ ስፖንጁ ያልባል። መነፅር ላደረገ ሰው ደግሞ በመነፅሩ ዘንግ በኩል ክፍተት ይፈጠርና ድምፅ ያስገባል። ቀኑን ሙሉም አላስደርገውም። ጆሮ ፀጥታ ብቻ ከለመደ ትንሹም ድምፅ ይከብደዋልና ቤት ስንገባ ይወልቃል።

ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ የልጄ ዓይነት ችሎታ የላቸውም። ድምፅ የሚያሠቃያቸው ግን በጣም ብዙ ናቸው፣ የምጽፈውም ለነሱ ወላጆች ነው። ስትገዙ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ራሱ ያጥልቀው፣ ራሱ ያውልቀው። ሁለቱን ፕላስቲኮች በአናት በኩል የሚያያይዘው ቅስት የሚረዝምና የሚያጥር ይሁን። ስፖንጁን በጣት ጫን ስትሉት የማይሰረጉድ ከሆነ ሌላ አስወጡ።