በእጄ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ከ11 ወር አገልግሎት በኋላ

ለአሥር ዓመት ያገለገለኝን ኮምፒውተር በእጄ በገጣጠምኩት አዲስ ኮምፒውተር ከተካሁ እነሆ 11 ወር ሞላኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን መተዳደሪያዬ የቪዲዮ ቅንብር ነው፤ ረጃጅም ቃለ መጠይቆችንና የሠርግ ቀረጻዎችን አዘጋጃለሁ። ስለዚህ ይህ ዕቃ በአዘቦቱ ቀን ከስምንት ሰዓት ያላነሰ፣ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ የእንጀራዬ መሣሪያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ስለ ፍጥነቱ ብቻ በተናገርኩ ነበር፤ በጋውንና ክረምቱን ካሳለፍኩበት በኋላ ግን የምናገረው ሌላም ብዙ ነገር አለኝ።

አሮጌውን የገዛሁት በ2007 ዓ.ም. ነበር። ኮር አይ7-4790 ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ)፣ 16 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) እና ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ (ምስልን የሚያቀናብር ክፍል) ያለው ሲሆን በዘመኑ የሚያኮራ ዕቃ ነበር። ደንበኞች ባለ 4ኬ (እጅግ ጥራት ያለው) ቀረጻ ይዘው መምጣት ሲጀምሩ ግን ምስሉ እየተቆራረጠ ስለሚሄድ ድምፅን ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ማስተካከል ፈተና ሆነብኝ። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን ብቻ ስለሚቀበል አራተኛው ትውልድ ላይ ለቆመው ማሽኔ መንገዱ ተዘግቶ ነበር።

ግዢውን የፈጸምኩት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ እኔ ዕቃ ስገዛ ከ120 ብር አልፏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለ ሥራ የሚቀመጥ አቅም መግዛት ስለማይገባ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መዝኜ መረጥኩ። ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰር፣ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ቢ650 ማዘርቦርድ፣ 32 ጊጋባይት ዲዲአር5 ራም፣ 8 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ፣ ፋይል የሚቀመጥበት ባለ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲ እና ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍል 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ወሰድኩ። ፕሮሰሰሩንና ራሙን እኅቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች፤ የቀረውን ከዚሁ ከከተማ ገዛሁ። ገጣጥሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበራው ፋኖቹ እየዞሩ ስክሪኑ ለበርካታ ደቂቃዎች ጨለማ ሆኖ ስለቆየ ደንግጬ ነበር፤ የዚህ ትውልድ ማዘርቦርድ መጀመሪያ ሲበራ ራሙን ለመለማመድ ጊዜ የሚወስድ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እንዲህ የሚገጥመው ሰው ሳያጠፋ ይጠብቅ።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአሮጌው ማሽን ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረ የ25 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ አሁን 11 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተጠናቆ ይወጣል። ደንበኛ አጠገቤ ተቀምጦ «ይህን ቃል አውጣልኝ» ቢለኝ አውጥቼለት ፋይሉን በዚያው ሰዓት ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ብቻውን የሥራዬን ጠባይ ለውጦታል።

የተሳሳትኩበትን ደግሞ በዝርዝር መናገር አለብኝ፤ እንደ እኔ ያለ ሥራ ያለው ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢያውቀው ይጠቅመዋልና። ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ስመርጥ የተመለከትኳቸው ንጽጽሮች በአብዛኛው የጨዋታ ፍጥነት የሚለኩ ነበሩ። የምሠራባቸው ካሜራዎች ግን ምስሉን የሚጽፉት ቪዲዮን ጨምቆ በሚያስቀምጠው ኤች.265 በተባለው አሠራር፣ ቀለሙን በብዙ ደረጃ በሚለየው በ10 ቢት እና በ4:2:2 የቀለም ናሙና ነው። የተለመደው 4:2:0 ከቀለሙ መረጃ ሩቡን ብቻ ሲይዝ 4:2:2 ግማሹን ይይዛል፤ የሙሽራዋን ጥልፍ ቀሚስና የፊት ቀለም ሳይበላሽ ለማስተካከል የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ይህን ዓይነት ፋይል በሃርድዌር፣ ማለትም ለዚሁ በተሠራ የቺፕ ክፍል፣ የመፍታት ችሎታ አርቲኤክስ 4060 ላይ የለም፤ ራይዘን 7600 ውስጥ ባለው ግራፊክስም የለም። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ስድስት ኮሮች ላይ ይወድቃል፤ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ሳስቀምጥም ምስሉ እንደ አሮጌው ዘመን መንተባተብ ይጀምራል። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ በሚገነባው ግራፊክስ ይህንኑ ፋይል ያለ ችግር ይፈታል። እኔ ከገዛሁ ከአራት ወር በኋላ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የወጣው አርቲኤክስ 5060ም ይህ ችሎታ አለው። ጥፋቱ ካሜራዬ ምን እንደሚጽፍ ሳላጣራ የመረጥኩት የእኔ ነው። አሁን ማታ ማታ ለእያንዳንዱ ቀረጻ ቀለል ያለ ቅጂ፣ ማለትም ፕሮክሲ፣ አዘጋጅቶ እንዲያድር ትቼው እተኛለሁ፤ ጠዋት ሥራው እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ሆኖም በዕለቱ ተቀርጾ በዕለቱ የሚፈለግ ሥራ ሲመጣ ይህ መፍትሔ አይደርስልኝም።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሐሳብ የወሰደብኝ የመብራት ጉዳይ ነው። ከአሮጌው ማሽን ጋር እጠቀምበት የነበረውን 650 ቪኤ (የአቅም መለኪያ ነው) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ እዚሁ ቀጠልኩበት፤ መብራት በሄደ ቁጥርም ዩፒኤሱ እየጮኸ ኮምፒውተሩ ግን ድርግም ይል ጀመር። መጀመሪያ ባትሪው አልቋል ብዬ ቀየርኩት፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። የአዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች የኃይል ማስተካከያ ሰርኪት ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡትን ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ አንዳንድ ጊዜ ላይስማማው ይችላል፤ የእኔም ችግር ይኸው ነበር። ንጹሕ ሳይን ሞገድ፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ፣ የሚሰጥ 1500 ቪኤ ዩፒኤስ ከገዛሁ ወዲህ አንድም ጊዜ በመብራት ምክንያት አልጠፋብኝም። ዋጋው የግራፊክስ ካርዱን ሊስተካከል ጥቂት ነው የቀረው፤ ያም ሆኖ አሁን እንደገና ብጀምር በጀቱን ስመድብ መጀመሪያ የምጽፈው እርሱን ነው። በመለኪያ እንዳየሁት ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ 60 ዋት ገደማ፣ ቪዲዮ ሲያወጣ ደግሞ እስከ 250 ዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የአቅም ማነስ አልነበረም።

ኬዙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የብረት ሳጥን፣ ስነካ እጄን የሚነዝረኝ ነገርም ነበር። የቤቴ ሶኬት ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው የረብሻ ማጣሪያም መሄጃ ሲያጣ ጥቂቷን ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ብረት ይልካታል። ባለሙያ ጠርቼ በግቢው አፈር ውስጥ የመዳብ ዘንግ አስቀብሬ የኧርዝ መስመር አስዘረጋሁ፤ መንዘሩ በዚያው ቀን ቆመ፤ በድምፅ መቅጃዬ ላይ ይሰማ የነበረው እምምታም አብሮ ጠፋ። ይህ ሥራ የአንድ ቀን ነው፤ ለዓመታት ሳላሠራው መቆየቴ ያሳዝነኛል።

ሙቀትን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ፋን የሚገፋው አየርም የዚያኑ ያህል ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚመጣው ትንሽ ማቀዝቀዣ ረጅም ቪዲዮ ሳወጣ ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋ ነበር፤ ለፕሮሰሰሩ ከተፈቀደው የ95 ዲግሪ ጣሪያ በታች ቢሆንም የፋኑ ጩኸት ቃለ መጠይቅ ለማዳመጥ አላስቻለኝም። ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ትልቅ ማቀዝቀዣ ስተካው ወደ 72 ዲግሪ ወረደ፤ ድምፁም ከክፍሉ ጠፋ። አቧራው ግን የባሰ ጠላት ነው። በሰፈራችን መንገድ ሲቆፈር በከረመበት በጋ የፊት ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ ባወጣሁ ቁጥር ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሶ አገኘው ነበር። አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጣው እንዲበዙ አድርጌ ስለገጠምኳቸው አቧራው በየስንጥቁ ሳይሆን በማጣሪያው በኩል ብቻ ይገባል፤ በስድስተኛው ወር ስከፍተው ውስጡ ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል። ቡና የሚቆላበትን ጥግ ለቅቆ ወደ ሌላው ግድግዳ እንዲዛወርም አድርጌያለሁ፤ የቡናና የእጣን ጭስ የሚተወው ቅባት አቧራን አጣብቆ ስለሚያስቀር በብሩሽ ብቻ አይለቅም።

ራሙ በ6000 ፍጥነት እንዲሠራ ስፈቅድለት በሦስተኛው ወር ሁለት ጊዜ ቪዲዮ በማውጣት ላይ ሳለ ደርቆ ቆመ። ባዮስ (የማዘርቦርዱ መቼት) ውስጥ ገብቼ ወደ 5600 ካወረድኩት በኋላ አልተደገመም፤ በሥራዬ ላይም የሚታይ የፍጥነት ልዩነት አላመጣም። መጠኑን ግን 64 ጊጋባይት ባደርገው ይሻል ነበር፤ ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ስለተወደደ አሁን ልጨምር ብል የማይሞከር ሆኗል።

በማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ኤኤም5 ሶኬት የፕሮሰሰሩ አምራች ኤኤምዲ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. እና ከዚያም በኋላ እንደሚደግፈው አስታውቋል፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ወደፊት መቀየር ስለምችል ለጊዜው ሳልነካው በመጪው ዓመት የ4:2:2 ፋይል የሚፈታ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ለመተካት አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን የዩፒኤሱ ባትሪ ይቀድማል። አዲስ ሳለ ቪዲዮ እያወጣሁ መብራት ሲሄድ ከነስክሪኑ 17 ደቂቃ ያቆየኝ ነበር፤ ባለፈው እሑድ በሰዓት ስለካው 12 ደቂቃ ደርሷል። ከ11 ደቂቃ በታች ሲወርድ ሁለቱንም ባትሪዎች አብሬ እቀይራቸዋለሁ፤ የ25 ደቂቃውን ቃለ መጠይቅ አውጥቶ ለመጨረስ የሚያስፈልገኝ 11 ደቂቃ ነውና፣ እስከዚያው መብራቱ የሚያሰጋ በሚመስልበት ቀን ረጅም ሥራ አላስጀምርም።