ኮቦኮሌክት ለቃለ መጠይቅ ጥናት፦ ለዕቅዱ ግሩም፣ ለወሬው ጠባብ

ኮቦቱልቦክስ የመረጃ መሰብሰቢያ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ የሚጫነው መተግበሪያው ኮቦኮሌክት ይባላል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ቤት ለቤት በሚሞላ መጠይቅ ነው። እዚህ የምንመዝነው ለሌላ ሥራ ነው፦ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ሴፍቲኔትና የሥራ ዕድል ፈጠራ እንዴት እንደሚገናኙ ባለሙያውንም ተጠቃሚውንም አነጋግሮ ለማጥናት። ማን፣ መቼ፣ የት ተጠየቀ የሚለውን ለመያዝ ከደብተርም ከኤክሴልም ይበልጣል። ጥያቄዎቹን ከስክሪን እያነበቡ መጠየቅ ግን ቃለ መጠይቁን ይገድለዋል።

ለምን ቢሉ፣ ጉዳዩ ራሱ በ«አዎ» እና «አይደለም» የሚያዝ አይደለም። በገጠር ሴፍቲኔት የልማት ሥራው በግብርና በኩል ይመራል፤ ለሥራ ያልደረሱ ወይም ጉልበት የሌላቸው የሚያገኙት ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የማኅበራዊ ጉዳይ ነው፤ ሥራ ፈላጊ የሚመዘገበው ደግሞ ሥራና ክህሎት ዘንድ ነው። ድሮ በፌዴራል ደረጃ «ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ» አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሠራተኛው ወደ ሥራና ክህሎት፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደ። የተጠቃሚው ወረቀት የሚጠፋው በእነዚህ በሮች መሃል ነው፤ ጥናቱም የሚፈልገው እሱኑ ነው።

ታዲያ ቅጹ ላይ «ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ያላችሁ ቅንጅት እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጭኑ፣ መልሱ ከመጠየቁ በፊት የታወቀ ነው፦ «ጥሩ ነው፤ ተቀናጅተን እየሠራን ነው።» ይህ የሪፖርት ቋንቋ ነው። ይልቅ እንዲህ ይጠየቅ፦ «ስሙን ሳይጠሩ፣ መጨረሻ ወደ ሥራና ክህሎት የላኩት ሰው ምን ይዞ ሄደ? ደብዳቤው ወጪ ሆኖ ተመዝግቧል? መልሱስ በምን ደረስዎ፣ በስልክ ነው በጽሑፍ?» ከዚህ በኋላ የሚመጣው ወሬ ወዴት እንደሚያመራ አይታወቅም። ስለዚህ መመሪያ ጥያቄዎቹ፣ ስምንት ቢበዛ አሥር፣ በአንድ ወረቀት ታትመው ጠያቂው እጅ ላይ ይሁኑ። ዓይን ስልክ ላይ ሲተከል የቢሮ ኃላፊውም የራሱን ስልክ ያወጣል።

ኮቦኮሌክት ውስጥ የሚገባው የፊት ገጹ ነው፦ መለያ ቁጥር፣ ወረዳ፣ የጽሕፈት ቤት ዓይነት፣ ቀን፣ ፈቃድ፣ የድምፅ ቀረጻና ከንግግሩ በኋላ የሚጻፍ አጭር ማስታወሻ። ቅጹን በኤክሴል ማዘጋጀት ይቻላል፣ አማርኛውንም ያለ ችግር ይቀበላል። በጣም የወደድነው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መኖሩ ነው፤ በቀን ጥያቄው የአቀራረብ (appearance) ዓምድ ላይ «ethiopian» የሚለውን ትእዛዝ ሲያስገቡ ስልኩ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ያሳያል። ነገር ግን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ቀን ነው። ዳታው ሲወርድ የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 ለመቁጠር መልሶ መቀየር አለበት፤ ሐምሌ 1 የፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። ዓመት ብቻ በቁጥር የሚሞላበት ቦታ ካለ ጥንቃቄ ያሻል። አንዱ ጠያቂ ሴፍቲኔት የተጀመረበትን 1997 ብሎ ሲጽፍ ሌላው 2005 ካለ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ዳታው ግን ተበላሽቷል። ሰዓትም እንደዚያው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለው ቀጠሮ በስልኩ 9 ነው።

ድምፅ ላይ እንቆይ፣ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነውና። ሁለት አማራጭ አለ። «ባክግራውንድ ኦዲዮ» የሚባለው ቅጹ እንደተከፈተ መቅዳት ይጀምራል፤ ሰውየው ገና ፈቃዱን ሳይሰጥ ድምፁ ተቀዳ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ጥናት አንመክረውም። ተራውን የድምፅ ጥያቄ ከፈቃድ ጥያቄው በኋላ አስቀምጡና «ተስማምቻለሁ» ሲባል ብቻ እንዲከፈት አድርጉ። ማስታወሻ መጻፊያውንም በዚያው ገጽ ላይ አድርጉት፣ በቀረጻ መሃል ገጽ መቀያየር እንዳያስፈልግ። ስልኩም በአውሮፕላን ሞድ ይሁን።

የጥራት ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው። «ኖርማል» በሰዓት ወደ 30 ሜጋባይት፣ «ሎው» ወደ 11፣ «ቮይስ ኦንሊ» ወደ 5 ይወስዳል። ዳታ ለመቆጠብ መጨረሻውን መምረጥ ያጓጓል፤ ግን ድምፁ የስልክ ጥሪ ያህል ስለሚጠብ «ሰ» እና «ፈ» ይቀላቀላሉ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰውም አይሰማም። «ሎው» በቂ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዝናብ ሲጥል ግን የትኛውም አያድንም፤ ቀጠሮ መለወጥ ነው።

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩት። በሦስት ወረዳ፣ በየወረዳው 4 የጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ በየወረዳው ከሁለት ቀበሌ አራት አራት ሰው ቢባል 36 ቃለ መጠይቅ ይሆናል። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ በ«ሎው» 400 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ«ኖርማል» ግን ከ1 ጊጋባይት ያልፋል። ነፃው አካውንት የማከማቻ ወሰን ስላለው ከመሰማራታችሁ በፊት እዩት። ከማከማቻው ይልቅ የሚከብደው ጽሑፉ ነው፤ የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ 36ቱ 180 ሰዓት። አንድ ሰው በቀን ሰባት ሰዓት ቢሠራ ከ25 ቀን በላይ ነው። በጀት ሲያዝ ሁልጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

መተግበሪያው የማያውቀው ደግሞ ቀጠሮ ነው። ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚሄደው የትብብር ደብዳቤ ማኅተሙን ሳይዝ ማንም አይናገርም። ገበሬውን ለማግኘት እንደ 12 ሚካኤልና 21 ማርያም ያሉት ሞፈር የማይያዝባቸው ቀናት ይመቻሉ፤ የባለሙያውን ቀጠሮ ግን ሰኔ ላይ ከዓመቱ መዝጊያ ሪፖርት ጋር አታጋጩት።

መለያ ቁጥሩን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፣ ኃላፊነቱም የእናንተው ነው። በቀበሌው አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ብቻ ካለ፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ጠቅሶ «የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ» ማለት ስሙን መጥራት ነው። ቀበሌውን ከዳታው አውጡት፤ ስምና ስልክ በወረቀት፣ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ።

ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ኔትወርክ በሌለበት ቢሠራም ቅጹ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ፣ ደብረ ብርሃን ሲገባ በዋይፋይ መላክ ይቻላል። አንድ አደጋ ብቻ አለ፦ ያልተላከ ቅጽ እያለ መተግበሪያውን ከስልኩ ማራገፍ ወይም ዳታውን ማጽዳት። ስልኩ ስለተንቀራፈፈ «አራግፈህ መልሰህ ጫነው» የሚል ምክር ከየትም ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ «ያልተላኩ» የሚለው ዝርዝር ባዶ መሆኑን ተመልከቱ።