የልጄን ድርሰት ላቃኑልኝ መምህር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! ይህን ሳልጽፍ ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ልጄ አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስታመለክት ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ድረ ገጽ ድርሰት ተጠየቀች። ከ650 ቃል ማለፍ አይቻልም። የእሷ 2000 ሊሞላ ምንም አልቀረው። የሐረማያ ሐይቅ መድረቅ አለበት፣ አምስቱ የጀጎል በሮች አሉበት፣ የጣና እንቦጭ፣ የዓባይ ግድብ... ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ምን ልትል እንደፈለገች አይያዝም።

ጋሼን ከማግኘታችን በፊት እርዳታ ፍለጋ የሄድንባቸው ሰዎች ገንዘባችንን በሉ። አንዱ «ዓድዋንም ጨምሪበት» አላት። ሌላው የተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ ስሟን አስገብቶ ሰጣት፤ «አባቴ በልጅነቴ ሞተ» ይላል! አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ ነው ያነበበችው። ያን ቀን በቤታችን ምሳ የበላ ሰው የለም።

ጋሼን ያገኘናቸው በጎረቤት ጥቆማ ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ ነው የሚያስተምሩት። ጽሑፉን አንብበው ጨረሱና እስክሪብቶም አላነሱ። «የኔ ልጅ፣ ከዚህ ሁሉ ሌሊት የሚመጣብሽ የቱ ነው?» አሏት። ብዙ ቆየች። እሳቸውም አላጣደፏትም። ከዚያ «አያቴ ሐይቁን ካደረቁት ፓምፖች አንዱ የኔ ነው ይላል» አለች።

እኔ ደነገጥኩ። አባቴ ሐረማያ ድንች በመስኖ ሲያለማ የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ለእኔ ለልጁ ተናግሮ አያውቅም።

ጋሼ ያቺን ዓረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ላይ አጻፏት። ከዚያ እያንዳንዱን አንቀጽ «ይሄ ለዚህች ምኗ ነው?» እያሉ ጠየቋት። ጣና ወጣ፣ ግድቡ ወጣ፣ የጀጎል በሮችም ወጡ። ስለ ሐረር የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ከተማዋም የምትጠጣው ከዚያው ሐይቅ እንደነበር። ልጄ ለጀጎል ስታለቅስ «አትጣዪው፣ በሌላ ደብተር ገልብጪው፣ የራሱ ድርሰት ይሆናል» አሏት። ተቀምጠው አስገለበጧት። ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ለዚያ ሰዓት ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

አንድ ቃል አልጻፉላትም። ስለ እንግሊዝኛው እኔ አላውቅም። ግን ልጄ ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብልኝ አባቴን አየሁት፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃው ሲመለስ ፓምፑን ከጓዳ አላወጣም። ድርሰቷ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ወላጆች እባካችሁ፣ ለልጆቻችሁ ጽሑፍ አትግዙ። ጋሼ ጋ ውሰዷቸው! ስልካቸውን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሞላባቸዋል፣ ቀደም ብላችሁ ደውሉ።