ማርፕል፣ አባ ብራውን፣ ራሞትስዌ ወይስ የሐሙሱ ማኅበር? የመንደር መርማሪ ለሚገዛ የጎንደር አንባቢ

ፒያሳ መጽሐፍ ሻጭ ፊት ቆሞ «የወንጀል ልብ ወለድ አለህ?» ለሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ የተሣለበት ነው። ኮዚ የሚባለው ዘር ከዚያ ይለያል። ሬሳ አለ፣ ደሙ ግን አይታይም። ገዳዩን የሚያጋልጠው ደመወዝ የማይከፈለው ጎረቤት ነው፤ ቦታው ሁሉም የሁሉን ጓዳ የሚያውቅበት መንደር ነው። በማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች ያደገ አንባቢ መጀመሪያ ላይ «ይሄ ነገር አይሄድም» ሊል ይችላል። አልተሳሳተም፣ አይፈጥንም። ደስታው ተራ የቡና ላይ ወሬ በሚመስል ጭውውት ውስጥ የተቀበረችውን ፍንጭ ከመርማሪው ቀድሞ ማውጣት ነው።

እዚህ ጎን ለጎን የምናስቀምጣቸው ተከታታዮች ሁሉም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቋንቋውን ክብደትም መዝነናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ማን ገደለ የሚለውን አናወጣም።

ማርፕል እና አባ ብራውን

ሁለቱም ሲያዩአቸው የዋህ ናቸው፣ ሁለቱም የሰውን ክፋት ከፖሊሱ በላይ ያውቃሉ። የሚለያዩት ያወቁበት ቦታ ነው፤ የትኛውን መግዛት እንዳለብዎት የሚወስነውም እሱ ነው።

የአጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል መንደር የሚኖሩ፣ ያላገቡ አሮጊት ናቸው። ሹራብ ይሠራሉ፣ አትክልት ይኮተኩታሉ፣ መንገደኛ ያያሉ። ዘዴያቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ትልቅ ሰው በመርዝ ሞተ ሲባል እሳቸው የሚያነሡት ድሮ በመንደሩ ያጭበረበረ አንድ አሽከር ወይም አንድ ነጋዴ ነው። በመጀመሪያው አጭር ታሪካቸው፣ እንግዶቹ ያልተፈታ ምሥጢር ሲጠየቁ፣ እሳቸው አንዲት ጎረቤት ከገበያ ገዝታ ቤቷ ስትደርስ ስላጣችው ትንሽ ሽሪምፕ (የሚበላ ትንሽ የባሕር ፍጡር) ያወራሉ። ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። መልሱን የሚያገኙት ግን እሳቸው ናቸው። ፍንጩ ሁሉ አንባቢው ፊት ይዘረጋል፤ ልብ ብሎ ያነበበ ማሸነፍ ይችላል፣ ያልቻለም «አላየሁትም እንጂ ነበረ» ብሎ ይቀበላል። በዚህ በኩል ከአራቱ የሚደርስባቸው የለም።

የጂ. ኬ. ቼስተርተን ፋዘር ብራውን፣ እኛ አባ ብራውን እንበላቸው፣ አጭር፣ ክብ ፊት፣ ጃንጥላ የማይለያቸው የካቶሊክ ቄስ ናቸው። የሰውን ክፋት የተማሩት ንስሐ ሲሰሙ ነው። አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ፣ የነፍስ አባት ላለው አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በመጀመሪያው ታሪክ ሁለት ቄሶች ሾርባ ከጠጡበት ቤት ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው ይገኛል፤ እዚያው ቤት ግድግዳው ላይም ሾርባ ተደፍቷል። ለምን እንደሆነ ሲገለጽ ያስቃል፣ ያስደንቃልም። ነገር ግን ቼስተርተን ፍንጭ ከማቅረብ ይልቅ ማስገረም ይወዳል፤ አንዳንዱን መልስ ማንም ገምቶ አይደርስበትም። አንዳንዱ ደግሞ ስብከት ወደ መሆን ያዘነብላል።

በእንግሊዝኛው ልዩነቱ ሰፊ ነው። ክሪስቲ በአብዛኛው ንግግር ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ የተለመደ። ቪካር (የደብር ቄስ)፣ ኪዩሬት (ረዳት ቄስ)፣ ፓርለርሜድ (እንግዳ የምታስተናግድ የቤት ሠራተኛ) የሚሉትን ከለመዱ ሌላው ይፈስሳል። ቼስተርተን የሰማዩን ቀለም ለመግለጽ ብቻ ግማሽ ገጽ ይፈጃል፤ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ አንባቢም መዝገበ ቃላት ያነሣል።

ብሩን በተመለከተ፣ አባ ብራውንን አይግዙ። 12 ታሪኮች ያሉት የ1911ዱ የመጀመሪያ ጥራዝ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በሕጋዊ መንገድ በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ስልክዎ ላይ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። በ1914ቱ ሁለተኛ ጥራዝ ውስጥ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ታሪክ እንዳለ ግን ይወቁ፤ ለተማሪ ከመስጠትዎ በፊት ራስዎ ያንብቡት። ገንዘቡ ለማርፕል ይዋል።

የትኛዋ ማርፕል? ረጃጅሞቹ 12 ናቸው፣ ቅደም ተከተል መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ለጀማሪ የምንመርጠው 13 አጫጭር ታሪኮች የያዘውን የ1932ቱን «ዘ ተርቲን ፕሮብለምስ» (አሥራ ሦስቱ እንቆቅልሾች) ነው፤ አንዱን በአንድ ምሽት መጨረስ ይቻላል። ረጅም ለሚፈልግ የ1950ው «ኤ መርደር ኢዝ አናውንስድ» (ግድያ ታወጀ) አለ። የአካባቢው ጋዜጣ አርብ ከምሽቱ 12:30 በእገሊት ቤት ግድያ እንደሚፈጸም ያስነግራል፤ ጎረቤቱም እንደ ሠርግ ጥሪ ቆጥሮት ሰበብ እየፈጠረ ይመጣል። ከሁሉም የተዋጣለት እሱ ይመስለናል። የ1930ው የመጀመሪያው ልብ ወለድ የክፍል ንድፍና ካርታ አለው። «ዘ ሙቪንግ ፊንገር»ን በመጀመሪያ አይግዙ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሚስ ማርፕል የሚገቡት መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ እሳቸውን ፈልጎ የገዛ ይበሳጫል።

አንድ ወጥመድ አለ። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ መጽሐፍ ርእሱ ሊቀየር ይችላል። የ1957ቱ «4.50 ፍሮም ፓዲንግተን» አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ዋት ሚስስ ማክጊሊከዲ ሶው» ተብሎ ነው፤ «ዘ ተርቲን ፕሮብለምስ»ም እዚያ «ዘ ቱዝዴይ ክለብ መርደርስ» ነው። ሽፋኑን ብቻ አይተው ከገዙ አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ ይከፍሉበታል።

ራሞትስዌ

የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ተከታታይ በ1998 የተጀመረ ሲሆን ቦታው ቦትስዋና፣ ጋቦሮኔ ነው። ማ ራሞትስዌ (ማ ማለት እንደ እኛ ወይዘሮ ነው) ከአባቷ የወረሰችውን ከብት ሸጣ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ለከብት ክብር ያለው፣ ታላቁን የሚያከብር፣ እንግዳን ሻይ ሳያቀርብ ነገር የማይጀምር ዓለም ነው፤ የእንግሊዝን መንደር ያህል አይርቀንም። ቢሮ ስለከፈተች አማተር አይደለችም የሚል ይኖራል፤ ሙያውን የተማረችው ከአንድ የመመሪያ መጽሐፍ ስለሆነ ግን እዚህ አስገብተናታል። ጸሐፊዋ ማ ማኩትሲ ከጸሐፊነት ኮሌጅ በ97 ከመቶ መመረቋን ሳታነሣ አትውልም፤ እንዲህ ያለ የሥራ ባልደረባ የሌለው ማን አለ?

እንግሊዝኛው ከአራቱ ሁሉ ቀላል ነው። 10ኛ ክፍል ያለ ጎበዝ ተማሪ ይወጣዋል። ጉዳዩ በአብዛኛው ግድያ ሳይሆን የባል መወስለት፣ የሠራተኛ ስርቆት፣ ወይም ከብዙ ዓመት በኋላ «አባትሽ ነኝ» ብሎ መጥቶ የሚቀለብ እንግዳ ነው። እንቆቅልሽ መፍታት ለሚፈልግ ግን ይህ አይሆንም፤ አንዱ ጉዳይ በአንድ ምዕራፍ ተከፍቶ እዚያው ይዘጋል፣ ፍንጭ የሚያጠራቅም አንባቢ የሚሠራው ያጣል። ሽፋኑ የልጆች ቢመስልም የመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ የሚደበድብ ባልና ከጥንቆላ ጋር የተያያዘ የጠፋ ልጅ ጉዳይ አለ። የትዳርና የኑሮ ታሪኩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ስለሚቀጥል ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ መካከል ላይ ያለውን ርካሽ ነው ብሎ ማንሣት ያደናግራል።

የሐሙሱ ማኅበር፣ እና የተገዛው ጋገራ

የሪቻርድ ኦስማን «ዘ ተርስዴይ መርደር ክለብ» የወጣው በ2020 ነው። በጡረተኞች መንደር የሚኖሩ አራት አዛውንት፣ የቀድሞ ሰላይ፣ ነርስ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው ያልተፈታ ወንጀል ይመረምራሉ፤ ጽዋው የቀረ የጽዋ ማኅበር ብንለው ያስኬዳል። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ እርጅናንና መርሳትን የነካበት ቦታም ልብ ይነካል። ነገር ግን ቀልዱ ግማሽ ያህሉ በእንግሊዝ ሱቆችና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ላይ የቆመ ነው፤ እዚያ ላልኖረ አንባቢ አያስቅም። ፍንጩም ከክሪስቲ ይላላል። መጽሐፉ ወደ 400 ገጽ ስለሚጠጋ ለጀማሪ ይበዛል፤ ተከታዮቹ የፊተኛውን ምሥጢር ስለሚያወጡ በቅደም ተከተል ካልሆነ አይነበብም።

የኤም. ሲ. ቢተን አጋታ ሬዚን (1992) በርካሽ ከተገኘች ብቻ ትገዛ። ከለንደን ወደ ገጠር የገባች ሴት የመንደሩን የጋገራ ውድድር ለማሸነፍ ከሱቅ ገዝታ «የእጄ ሥራ ነው» ብላ ታቀርባለች። ከጉልት የተገዛ እንጀራ ለድግስ የኔ ነው ብሎ እንደ ማቅረብ። ዳኛው ይሞታል፤ ጉዷም ይወጣል። ሳቅ አለው፣ እንቆቅልሹ ግን ስስ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

ሌላ ልብ ወለድ መጨረሻው ቢቀደድ ያሳዝናል፤ ምሥጢር ልብ ወለድ መጨረሻው ከሌለ ግን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከኋላ ይጀምሩ፤ ሳያነቡ፣ የገጽ ቁጥሩን ብቻ እያዩ የመጨረሻዎቹን 30 ገጾች ይቁጠሩ። በሙጫ ብቻ የተያያዘ አሮጌ መጽሐፍ በበጋው ደረቅ አየር ሙጫው ይሰነጠቃል፤ ቀድሞ የሚረግፈው የፊቱና የኋላው ነው። ጀርባውን ይዘው በቀስታ ይክፈቱት፤ ከተንቋቋ በአንድ ንባብ ይበተናል። ፎቶኮፒ ከሆነ ወደ ስፌቱ ያለውን የመስመር ጫፍ ይዩ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ፊደል ተበልቷል፤ በማርፕል መጽሐፍ ደግሞ ካርታው ጠቁሮ እንዳይነበብ ሆኖ እንደሆነ ይፈትሹ። የቀድሞ አንባቢ በእርሳስ ያሠመረበት ከሆነ ሌላ ሰው ያጣራልዎት፤ የገዳዩን ስም ገጽ 40 ላይ ከብቦ የሚሄድ ግፈኛ አይጠፋም።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ከራሞትስዌ ይጀምር። መገመት የሚወድ 13ቱን ታሪኮች ይግዛ፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ማንበብም ይመቻል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ታሪኮች ራሳቸው በሚስ ማርፕል ቤት ስድስት ሰው ተቀምጦ በየተራ የሚያወራቸው ናቸው። አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግምታቸውን መስጠት ሲጀምሩ መጽሐፉን ይጠፍ፣ እያንዳንዱ የጠረጠረውን በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ፤ ሁለተኛው ቡና ከተቀዳ በኋላ ይቀጠል።