የስድስት ኪሎ ዳታ አናሊሲስ ቤቶች፦ መልቲሌቭል ሞዴል ላይስ?

ከስድስት ኪሎ ግቢ በር እስከ አራት ኪሎ ባሉት ኅትመት ቤቶች መስታወት ላይ «ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ሞልቷል። ዳታ ማስገባትና ማጽዳት፣ የፍሪኩዌንሲ ሠንጠረዥ ማውጣት ከሆነ የተፈለገው፣ አብዛኞቹ ይመሰገናሉ፤ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ሥራቸውም ንጹህ ነው። ልዩነታቸው የሚወጣው የመመረቂያ ጽሑፉ አማካሪ «ዳታው ክላስተር አለው፣ መልቲሌቭል ይሠራበት» ያለ ዕለት ነው። ክላስተር ማለት ናሙናው የተወሰደበት ሰፈር ነው፤ መልቲሌቭል ደግሞ ግለሰቡንና ሰፈሩን በየደረጃቸው ለይቶ የሚያሰላ ሞዴል ነው።

የተለመደው ዳታ የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው፤ 645 ክላስተር፣ 15,683 ሴቶች፣ ማለትም በአንድ ክላስተር በአማካይ 24 ሴቶች። የአንድ ቀበሌ ሴቶች ጤና ጣቢያቸውም መንገዳቸውም አንድ ስለሆነ መልሳቸው ይቀራረባል። ተራው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (አዎና አይ ለሆነ ውጤት የሚሠራው ሞዴል) ይህን አያይም። በክላስተር ውስጥ ያለው ተመሳሳይነት 0.1 ብቻ ቢሆን እንኳ 1+(23×0.1)=3.3 ይመጣል፤ ስኩዌር ሩቱ 1.8 ገደማ ስለሆነ፣ እንደ ከተማና ገጠር ባሉ የክላስተር ተለዋዋጮች ላይ ትክክለኛው ስታንዳርድ ኤረር (የግምቱ እርግጠኛ ያለመሆን መጠን) ከታየው 1.8 እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው። «ጉልህ ግንኙነት አለ» የሚል የኮከብ ምልክት የበዛበት ሠንጠረዥ ደንበኛን ደስ ያሰኛል፤ ዲፌንስ ላይ ግን ያዋርዳል።

ቤቱን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ኑል ሞዴሉ የት አለ?» ምንም ገላጭ ተለዋዋጭ ያልገባበት ሞዴል ነው። የክላስተር ቫሪያንሱ (በክላስተሮች መካከል ያለው ልዩነት መጠን) 0.82 ቢወጣ፣ 0.82÷(0.82+3.29) 20 በመቶ ይሰጣል፤ 3.29 በሎጂስቲክ ሞዴል የግለሰብ ደረጃ ቋሚ ቫሪያንስ ነው። አይሲሲው፣ ማለትም ከጠቅላላው ልዩነት የክላስተሩ ድርሻ፣ ይኸው ነው። በሙሉው ሞዴል ቫሪያንሱ ወደ 0.41 ከወረደ፣ የገቡት ተለዋዋጮች የክላስተሩን ልዩነት ግማሽ ገለጹ ይባላል። ይህን ሳያሳይ ኦድስ ሬሾ (የዕድል ንጽጽር) ብቻ የሚያስረክብ ቤት መልቲሌቭል ለመሥራቱ ማስረጃ አልሰጠም።

ሞዴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፦ ኑል፣ የግለሰብ፣ የማኅበረሰብ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ። እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስህተት የናሙናው ቁጥር ነው። መረጃ የጎደላቸው ሴቶች ከአንዱ ሞዴል ወጥተው በሌላው ይቆጠሩና ዲቪያንሱና ኤአይሲው (ሞዴሉ ለዳታው ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳዩት ቁጥሮች) ይነጻጸራል፤ የማይነጻጸር ነገር። መጀመሪያ ሙሉው ሞዴል ተሠርቶ፣ እዚያ ውስጥ የተቆጠሩትን ሴቶች ብቻ ይዞ ሌሎቹን ማስኬድ ይፈታዋል።

የ2011ን እና የ2016ን ዳታ ሲያዋህዱ ደግሞ የባሰ አለ። የክላስተር ቁጥር በሁለቱም ከ1 ስለሚጀምር የ2011ዱ 1 ቁጥር ከ2016ቱ 1 ቁጥር ጋር እንደ አንድ ሰፈር ይቆጠራል። ኮምፒውተሩ አያጉረመርምም፤ ውጤቱ ዝም ብሎ ይበላሻል። ከዓመቱና ከክላስተሩ አዲስ መለያ መፍጠር የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

በሶፍትዌር በኩል፣ ብዙዎቹ የሚመኩት በኤስፒኤስኤስ ነው። ለተከታታይ ቁጥር ደህና ነው፤ አዎና አይ ለሆነ ውጤት ግን የአሰላል ዘዴው ግምታዊ በመሆኑ፣ ክላስተሮቹ ትናንሽ ሲሆኑ ቫሪያንሱን ያሳንሳል። ስታታ በሜሎጂት ትእዛዝ የተሻለ ይሠራል። አር ነጻ ነው፣ ነገር ግን «አልተጠጋጋም» የሚል (ስሌቱ የተረጋጋ መልስ ላይ አልደረሰም ማለት ነው) ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ዘለውት የሚያልፉ አሉ፤ ዕድሜን የመሰሉ ተለዋዋጮችን ስኬል ማድረግ (ወደ ተቀራራቢ መለኪያ መቀየር) ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ከሴቷና ከክላስተሩ በላይ ክልልን ሦስተኛ ደረጃ እናድርገው የሚል ባለሙያ ካለ ይጠርጠር። በዚህ ዳታ ክልልና ከተማ አስተዳደር ተደምረው 11 ናቸው፤ ቫሪያንስ በደንብ ለመገመት ጥቂት ስለሆኑ እንደ ተራ መደብ ተለዋዋጭ ቢገቡ ይሻላል። በአምስት ሆስፒታል የተሰበሰበ የ400 ታካሚ ዳታ ላይ ሆስፒታልን ደረጃ ማድረግም ያው ነው።

የናሙና ክብደቱን (እያንዳንዷ ሴት በሕዝቡ ውስጥ ስንቱን እንደምትወክል የሚያስተካክለውን ቁጥር) በ1,000,000 አካፍሎ ለገላጭ ሠንጠረዥ መጠቀም ሁሉም ያውቁታል። ያንኑ አንድ ክብደት ሞዴሉ ውስጥ መክተት ግን አይበቃም፤ ለክላስተሩና ለሴቷ ለየብቻ መከፈል አለበት።

«ዳታው እኛ ጋ አለ» የሚል ቤት ካጋጠመ ፍላሹን አለመቀበል ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለጠየቀው ሰውና ለጠቀሰው ጥናት ነው። ሲረከቡ ከወርድ ፋይሉ ጋር ዱ ፋይሉን (የስታታ ትእዛዞች የተጻፉበትን) ወይም የሌላውን ሶፍትዌር የትእዛዝ ፋይል መጠየቅ ይገባል፤ ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው ያ ፋይል በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ላብ ተከፍቶ ሠንጠረዡን ቁጥር በቁጥር ደግሞ ሲያወጣ ነው።