የልጄን መድኃኒት በኪሎዋ አስልታ ለሰጠችኝ ፋርማሲስት

አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ለምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት እፈልጋለሁ። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመነችኝ አልጽፈውም። ሥራዋን ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ልጄ ዓመት አልፏታል። ሰሞኑን አተኮሳትና ጤና ጣቢያ ታየች፤ ፓራሲታሞል ሽሮፕ ታዘዘላት። ማዘዣውን ይዘን ከአማቴ ጋር ፋርማሲ ገባን። ብዙ ቦታ "በቀን ሦስቴ አንድ አንድ ማንኪያ" ተብሎ ሽሮፑ በፌስታል ይሰጣል። እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችን "ስንት ኪሎ ናት?" ብላ ነው። የቅርቡን ኪሎዋን አናውቅም። ሚዛኑን ከጥግ ሳብ አደረገችና መጀመሪያ እኔን ብቻዬን፣ ከዚያ ልጄን አሳቅፋ መዘነችኝ። ሲቀናነስ 10 ኪሎ መጣ።

ስሌቱን ወረቀት ላይ እየጻፈች አሳየችን። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ለልጄ ከ100 እስከ 150 ማለት ነው። የታዘዘላት ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው፤ ስለዚህ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃታል። "ዕድሜ ብቻ አይታችሁ አትስጡ" አለችን። እውነቷን ነው፤ ዓመት የሞላው ልጅ 8 ኪሎም 12 ኪሎም ሊሆን ይችላል።

ቀጥላ "ቤት ሌላ የትኩሳት መድኃኒት አላችሁ?" አለች። አማቴ ከቦርሳቸው እህታቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ሽሮፕ አወጡ። ያኛው ካላበረደላት ይሄን ሊደርቡላት አስበው ነበር። ጠርሙሱን አዟዙራ አነበበችው። "እማማ፣ አሲታሚኖፌን የሚለው ራሱ ፓራሲታሞል ነው። ይሄኛው ደግሞ በ5 ሚሊ ሊትር 160 አለው።" ሁለቱ ቢደረቡ 280 ሚሊ ግራም ሊሆን ነው። እንዲህ እየተደጋገመ ከልክ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ፣ ሳናሳያት ምንም እንዳንደርብ አስጠነቀቀችን። ከሁሉም ደስ ያለኝ አማቴን አለማሳፈሯ ነው። "ይዘውት መምጣትዎ በጣም ጥሩ፤ ባያሳዩኝ በምን አውቅ ነበር" አለቻቸው።

የቤት ማንኪያ አንዱ ጎድጓዳ፣ ሌላው ጠፍጣፋ ነው፤ ልክ አይሆንም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠችንና 5 ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረገችበት። ካርቶኑ ላይ "ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 1፣ ሌሊት 7" ብላ ጻፈች። በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ አይበልጥም፤ ካላተኮሳት ደግሞ ከእንቅልፏ አትቀስቅሷት አለችን። ጡት እምቢ ካለች፣ የዋጠችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ካንቀጠቀጣት ወይ ከደነዘዘች ግን ሽሮፕ ይዞ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

እኛ እያለን ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ያተኮሰው አባት ሽሮፕ ሊገዛ መጣ። አልሸጠችለትም። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ሳይታይ መታለፍ እንደሌለበት በትሕትና አስረድታ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይዞት እንዲሄድ ነገረችው። ገበያዋን ትታ ለልጁ ያሰበች ሰው ናት።

በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ወላጆች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታውን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱ ልጁንም፣ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉም ይዛችሁ ሂዱ። ማታ እስከ 3 ሰዓት አለች፤ እሁድ ግን አትገባም።